የማሰሮ አበባ ሐኪም ነውን?

የአገራችን ሰው አረንጓዴ ነገር ወደ ቤቱ ማስገባትን ከባዕድ የተማረው አይደለም። ለበዓልና ለቡና ቄጤማ መጎዝጎዝ፤ በእንቁጣጣሽ አደይ አበባ ይዞ ወደ ዘመድ ቤት መግባት፤ ከጓሮ ጤና አዳም ቀንጥቦ በቡናው ስኒ ላይ ጣል ማድረግ፤ እነዚህ ሁሉ ቤትና መስክ ፈጽመው እንዳይለያዩ የጠበቁ የቆዩ ልማዶች ናቸው። የዋና ከተማችንም ስም ራሱ አበባ ነው። ዳሩ ግን ጓሮ ያለው ቤት እየቀነሰ፣ ኑሮም ከመሬት ወደ ፎቅ እየወጣ በሄደ መጠን፣ ጓሮው በማሰሮ ውስጥ ገብቶ በመስኮት ደፍ ላይ ተቀመጠ። ዛሬ በኮንዶሚኒየሙ ሰገነት፣ በተማሪው የኪራይ ክፍል፣ በመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሳይቀር በሸክላ ወይም በዘይት ቆርቆሮ የበቀለ ተክል ማየት የተለመደ ነው።

ይህ ደግ ልማድ ሆኖ ሳለ፣ አብሮት የሚሄድ አንድ ወሬ አለ። ወሬውም በቤት ውስጥ የተቀመጠ ተክል መርዛሙን አየር እየሳበ ንጹሑን ያወጣል፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት ማሰሮ ያለው ሰው የቤቱ አየር ተጣርቶለታል የሚል ነው። ነገሩ ለጆሮ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ጤና በደስ ደስ ብቻ የሚጠበቅ ነገር ስላልሆነ፣ የተማረ ሰው ይህ አባባል ከየት እንደ መጣና እስከ ምን ድረስ እውነት እንደ ሆነ መመርመር ይገባዋል። በማሰሮው ተማምኖ መስኮቱን የሚዘጋ ሰው የሚከፍለው ዋጋ ቀላል አይደለምና።

ሐሳቡ የመጣበት መንገድ

የዚህ ሐሳብ ሥር እጅግ የቆየ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1771 ዓ.ም. ጆሴፍ ፕሪስትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ፣ በተዘጋ የመስተዋት ዕቃ ውስጥ ሻማ አብርቶ እስኪጠፋ ድረስ ጠበቀ። ከዚያም ሻማው የጠፋበት አየር ባለበት ዕቃ ውስጥ የናና ቅርንጫፍ አስቀመጠ። ከ10 ቀን በኋላ ሻማ ቢያስገባበት እንደ ገና ነደደ። ሻማው የጨረሰውን አየር ናናው መልሶታል ማለት ነው።

ከ8 ዓመት በኋላ፣ በ1779፣ ያን ኢንገንሃውስ የተባለ የሆላንድ ሐኪም ነገሩን አጣርቶ፣ ተክል ይህን ሥራ የሚሠራው ብርሃን ሲያገኝ ብቻ እንደ ሆነ፤ የሚሠራውም አረንጓዴው ክፍሉ እንጂ ሥሩ ወይም አበባው እንዳልሆነ አስረዳ። በጨለማ ግን ተክልም እንደ እኛው ኦክሲጂን እየወሰደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ዛሬ ተማሪ ሁሉ በትምህርት ቤት የሚማረው የተክል ምግብ አሠራር መሠረቱ ይህ ነው።

ዘመናዊው ወሬ ግን የተነሣው ከጠፈር ምርምር ነው። መንኩራኩር መስኮት የማይከፈትበት ቤት በመሆኑ፣ ከፕላስቲኩ፣ ከማጣበቂያውና ከቀለሙ የሚተነው ኬሚካል ሁሉ እዚያው ይጠራቀማል። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ለዚህ መላ ሲፈልግ፣ ቢል ዎልቨርተን የተባለ ተመራማሪ ልዩ ልዩ የቤት ተክሎችን በታሸገ ሳጥን ውስጥ አስገብቶ፣ ቤንዝን፣ ፎርማልዴሃይድና ትራይክሎሮኤትሊን የተባሉትን መርዛም ትነቶች ጨመረባቸው። በ1989 በወጣው ሪፖርት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ የትነቱ መጠን በብዙ እንደ ቀነሰ ተገለጠ። ከሥራውም ብዙውን የሠሩት ቅጠሎቹ ብቻ ሳይሆኑ፣ በሥሩና በአፈሩ ውስጥ የሚኖሩት ረቂቃን ተሕዋስያን ጭምር እንደ ሆኑ ታወቀ።

ሪፖርቱ የተናገረው ስለ ታሸገ ሳጥን ነበር። ወሬው ግን ከአፍ ወደ አፍ ሲሻገር ሳጥኑ ተረሳና ተክሉ ብቻ ቀረ።

ሳጥንና ሳሎን አንድ አይደሉም

በ2019 ዓ.ም. በፊላዴልፊያ ከተማ በሚገኘው የድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ፣ ብራያን ከሚንግስና ማይክል ዋሪንግ የተባሉ ተመራማሪዎች በልዩ ልዩ ጊዜ የወጡ 12 ጥናቶችንና በውስጣቸው የነበሩትን 196 የሙከራ ውጤቶች ሰብስበው እንደ ገና አሰሉ። ጥያቄያቸውም፣ በሳጥን ውስጥ የታየው ኃይል ሰው በሚኖርበት ቤት ስንት ይሆናል የሚል ነበር።

መልሱ ወሬውን የሚያፈርስ ሆነ። ምክንያቱን ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም። ቤት እንደ ሳጥን የታሸገ አይደለም፤ በበሩ ሥር፣ በመስኮቱ ስንጥቅና ሰው በወጣና በገባ ቁጥር የውስጡ አየር ከውጭው ጋር ይለዋወጣል። ተክል ትነትን የሚወስደው እጅግ በዝግታ በመሆኑ፣ እርሱ ጥቂት ሳይነካው አየሩ አስቀድሞ ተለውጦ ይገኛል። በሊቃውንቱ ሒሳብ፣ ተክሎች በአንድ ሕንጻ ውስጥ በተለመደው መንገድ ከሚገባው አየር ጋር የሚመጣጠን ሥራ እንዲሠሩ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወለል ላይ ከ10 እስከ 1000 ማሰሮ መደርደር ያስፈልጋል።

አንድ ወጣት ጸሐፊ 4 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ ክፍል ተከራይቷል እንበል። ወለሉ 12 ካሬ ሜትር ነው። በዝቅተኛው ሒሳብ 120 ማሰሮ፣ በከፍተኛው ደግሞ 12,000 ማሰሮ ሊያስገባ ነው። እንዲህ ከሆነ ተክሉ ሲገባ ባለቤቱ መውጣቱ ነው! እንግዲህ በመስኮት ደፍ ላይ የቆመች አንዲት ተክል አየር ታጣራለች ማለት፣ በአንድ ማንኪያ ወንዝ ይቀዳል እንደ ማለት ነው።

ፍሙ ሲቀላ

ይህን ሁሉ የምናነሣው በተክል ለመቀለድ አይደለም። በአገራችን ቤት ውስጥ አየርን የሚመርዘው ነገር ከጠፈር መንኩራኩሩ ይለያል። የእኛ ዋና ጠላት እንጨት፣ ኩበትና ከሰል ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ዓ.ም. በቤት ውስጥ በሚነሣ የማገዶ ጭስና በመሰለው ብክለት ምክንያት በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ገምቷል። ከእነዚህም መካከል በምድጃ አጠገብ ውለው የሚያድሩ እናቶችና በጀርባቸው ያዘሏቸው ሕፃናት ይገኛሉ።

ከሰል ደግሞ ከሁሉ ይልቅ አታላይ ነው። እንጨት ሲጨስ ዓይንን ስለሚያቃጥል ሰው ይሸሸዋል። ከሰል ግን ፍሙ ከቀላና ጭሱ ካለቀ በኋላ ጉዳት የሌለው ይመስላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ከቀላው ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። በደም ውስጥ ኦክሲጂን በሚሸከመው ክፍል ላይ ሲጣበቅ፣ ጥብቀቱ ከኦክሲጂን ከ200 ጊዜ በላይ ስለሚበልጥ፣ ሰውነት በአየር መካከል ሆኖ አየር ያጣል። መጀመሪያ ራስ ያማል፤ ቀጥሎም ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ጉልበትም ይከዳል። ተኝቶ ያገኘው ሰው ግን ይህን ምልክት ሳያውቀው በዚያው ያሸልባል። በክረምት ብርድ የከሰል ማንደጃ አስገብተው፣ በርና መስኮት ዘግተው ተኝተው የቀሩ ሰዎች ዜና በየጊዜው የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

እንዲህ ያለውን ጋዝ ለመከላከል የማሰሮ ተክል ምንም አይረዳም። የሚረዳው ከሰሉን ውጭ አቀጣጥሎ፣ ውጭ ተጠቅሞ፣ ውጭ መተው ነው። ለቡና የግድ ከገባም በርና መስኮት ወለል ብሎ ይከፈት፤ ቡናው ሲያልቅ ማንደጃው ከነፍሙ ይውጣ፤ ከማንደጃ ጋር ግን በፍጹም አይተኛ። ተክሉን ያስቀመጥንበት መስኮት ከተክሉ የበለጠ የአየር ሐኪም ነው። ስለዚህ ማሰሮው መስኮቱ እንዳይከፈት የሚያግድ ከሆነ፣ ከቦታው ይነሣ።

ስለ ሌሊቱ ስጋት

በሌላ በኩል ደግሞ ተክልን አለ መጠን የሚፈሩ ሰዎች አሉ። ተክል በሌሊት ኦክሲጂን ስለሚወስድ በመኝታ ቤት ማሳደር አደገኛ ነው ይላሉ። ኢንገንሃውስ እንዳሳየው ተክል በጨለማ መተንፈሱ እውነት ነው። ነገር ግን የጥቂት ቅጠሎች ትንፋሽ ከአንድ ሰው ትንፋሽ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በአንድ ክፍል ከወንድሙ ጋር የሚተኛ ተማሪ አየር የሚሻማው ወንድሙ እንጂ ማሰሮው አይደለም። ወንድሙን ካልፈራ ተክሉን የሚፈራበት ምክንያት የለም።

ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው?

አየር የማያጣራ ከሆነ ተክሉን እንጣለው ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱ አይደለም ነው። ተክል ጤናን የሚረዳው በሌላ በር ገብቶ ነው፤ ይኸውም በዓይንና በሐሳብ በኩል ነው።

ሮጀር ኡልሪክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1984 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፣ በፔንስልቬንያ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን 46 በሽተኞች መዝገብ መረመረ። ግማሾቹ የተኙት መስኮቱ ዛፎችን በሚያሳይ ክፍል ሲሆን፣ የቀሩት መስኮት የጡብ ግድግዳ ብቻ የሚያሳይ ነበር። ዛፍ የሚያዩት በሽተኞች ከቀዶ ጥገናው በኋላ በአማካይ 8 ቀን ባልሞላ ጊዜ ሲወጡ፣ ግድግዳ የሚያዩት 9 ቀን ሊሞላ እስኪቃረብ ቆዩ። ዛፍ የሚያዩት የወሰዱት ብርቱ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ነበር። ይህ በመስኮት ስለሚታይ ዛፍ እንጂ ስለ ማሰሮ ተክል የተነገረ አይደለም፤ ሆኖም ዓይን የሚያርፍበት ነገር ለሰውነት ምን ያህል እንደሚተርፍ ያሳያል። በኋላም በ2008 በወጣ ጥናት፣ ከትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና በኋላ በክፍላቸው ተክል የተቀመጠላቸው በሽተኞች ካልተቀመጠላቸው ይልቅ ሕመማቸውና ጭንቀታቸው ቀለል ብሎ ተገኝቷል።

ለተማሪና ለጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የሐሳብ ድካም ነገር ነው። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ራሔልና ስቲቨን ካፕላን በ1989 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ ሰው በመጽሐፍ ወይም በመዝገብ ላይ አተኩሮ ሲሠራ፣ የማተኮር ኃይሉ እንደ ጡንቻ ይደክማል። ይህን ኃይል የሚያሳርፈው ሳይታገል የሚመለከተው ነገር ሲያገኝ ነው፤ የቅጠል እንቅስቃሴና የዛፍ ጥላ ደግሞ እንዲህ ካሉት ነገሮች ዋናዎቹ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. በእንግሊዝና በሆላንድ ጽሕፈት ቤቶች በተደረገ ጥናትም፣ ባዶ በነበረ ቢሮ ውስጥ ተክል ሲገባ የሠራተኞቹ ሥራ በ15 በመቶ ያህል እንደ ተሻሻለና ለቢሯቸው ያላቸው ስሜትም ከፍ እንዳለ ተመዝግቧል። ቀኑን ሙሉ በኮምፒዩተር ላይ ተደፍቶ የሚውል ወጣት፣ በየጊዜው ዓይኑን አንሥቶ በመስኮቱ አጠገብ ያለውን ቅጠልና ከበስተኋላው ያለውን ሩቅ ነገር ቢመለከት ዓይኑም አንገቱም ያመሰግኑታል።

የሚያጠጣው እጅ

ከእነዚህ ጥናቶች ሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው በ1976 ዓ.ም. የወጣው የኤለን ላንገርና የጁዲት ሮዲን ጥናት ነው። ሁለቱ ተመራማሪዎች በአሜሪካ፣ በኮነቲከት ግዛት በሚገኝ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ነዋሪዎችን በሁለት ወገን ከፈሉ። ለአንደኛው ወገን ስለ ኑሯቸው ራሳቸው እንደሚወስኑ ተነገራቸው፤ ተክልም መርጠው እንዲወስዱና ራሳቸው እንዲንከባከቡት ተደረገ። ለሁለተኛው ወገንም ተክል ተሰጣቸው፤ ነገር ግን አስታማሚዎቹ እንደሚያጠጡላቸውና እንደሚጠብቁላቸው ተነገራቸው።

ልብ ይሏል፤ ተክል ያላገኘ ወገን የለም። ልዩነቱ የሚያጠጣው እጅ የማን ነው በሚለው ላይ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲታዩ፣ ኃላፊነት የተሰጣቸው ሽማግሌዎች ከሁለተኛዎቹ ይልቅ ንቁዎችና ደስተኞች ሆነው ተገኙ። ከ18 ወር በኋላ ሲቆጠሩም፣ ከመጀመሪያው ወገን ከ47ቱ 7 ሲሞቱ፣ ከሁለተኛው ወገን ከ44ቱ 13 ሞተው ነበር። የሰዎቹ ቁጥር ጥቂት በመሆኑና ከተክሉ ሌላ የተሰጣቸው ነጻነት ስላለ፣ ዕድሜ የሚያረዝም ተክል ተገኘ ብሎ ማወጅ አይቻልም። ቢሆንም ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ሰውን የሚያበረታው ተክል ማግኘቱ ሳይሆን፣ በእርሱ እጅ የሚኖር ሕይወት ያለው ነገር መኖሩ ነው።

በብዙ መሥሪያ ቤት የሚታየውን እስቲ እናስብ። በኃላፊው ክፍል ትልቅ ተክል ቆሟል፤ ኃላፊው ግን ከገባ ጀምሮ አንድ ቀን ነክቶት አያውቅም። ውሃውን የሚያጠጡት የጽዳት ሠራተኛዋ ናቸው፤ አቧራውን የሚጠርጉትም እርሳቸው ናቸው። እንዲህ ከሆነ የተክሉ ጤና ለጠረጴዛው ባለቤት ሳይሆን ለእርሳቸው ነው። ከቤተሰቡ ተለይቶ በሩቅ ከተማ የተመደበ ወጣት ሠራተኛ፣ ወይም ፈተና ያስጨነቀው ተማሪ፣ ጠዋት ተነሥቶ የሚጠብቀው አንድ ነገር ቢኖረው፣ አዲስ ቅጠል ሲወጣ ቢያይ፣ ሲጠወልግም ምክንያቱን ቢፈልግ፣ ይህ ትንሽ ሥራ ቀኑን ሥርዓት ያስይዝለታል።

ለጀማሪ የሚሆን ምክር

ለዚህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ሬት ብርሃን ካገኘ በጥቂት ውሃ ይኖራል። እንደ ጎራዴ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ሳንሴቪየሪያና ረጃጅም ቀጭን ቅጠሉን የሚያንዠረግገው ክሎሮፊተም የትውልድ አገራቸው አፍሪካ ሲሆን፣ ብርሃን ባነሰበት ቢሮም ይታገሣሉ። ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ያለው ሰው ደግሞ ናና፣ በሶብላ፣ ጠጅ ሳር ወይም ጤና አዳም ቢተክል፣ ከዓይኑ አልፎ ለሻዩና ለቡናው ይተርፈዋል።

ጀማሪ ተክል የሚገድለው ብዙ ጊዜ በጥማት ሳይሆን በውሃ ብዛት ነው። ሥርም አየር ስለሚፈልግ፣ አፈሩ ዘወትር ከረጠበ ይበሰብሳል። ስለዚህ የማሰሮው ሥር ቀዳዳ ይኑረው፤ ከማጠጣትም በፊት ጣትን ወደ አፈሩ ሰደድ አድርጎ መድረቁን ማወቅ ይገባል። ቅጠሉን በየጊዜው በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ብርሃን እንዲያገኝ ይረዳዋል።

ሦስት ማስጠንቀቂያዎችም አሉ። የመጀመሪያው በማሰሮው ሥር በሚቀመጠው ሳሕን ውሃ እንዳይጠራቀም ነው። ዴንጊና ቺኩንጉንያ የተባሉትን በሽታዎች የምታስተላልፈው ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው እንዲህ ባለ የቤት ውስጥ ውሃ ነው። በድሬዳዋ በ2013 ዴንጊ፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ ብዙ ሕዝብ ማሳመማቸው የሚታወስ ነው። ሁለተኛው ሕፃን ባለበት ቤት መርዛም ተክል እንዳይኖር መጠንቀቅ ነው። ትልልቅ ዝንጉርጉር ቅጠል ያለው ዲፌንባኪያ ቢታኘክ አፍና ምላስን ያሳብጣል፤ ኦሊያንደር የተባለው ባለ አበባ ተክል ልብን የሚጎዳ መርዝ አለው፤ የቁልቋል ወተትም ዓይን ውስጥ ከገባ ብርቱ ጉዳት ያደርሳል። ሦስተኛው ስለ ሻጋታ ነው። ዘወትር የረጠበ አፈር ሻጋታ ስለሚያወጣ አስም ላለበት ሰው አይስማማም፤ የሰውነት መከላከያ ኃይላቸው በደከመ በሽተኞች ክፍልም ሆስፒታሎች የማሰሮ ተክል እንዳይገባ የሚከለክሉት ስለዚሁ ነው። እንዲህ ያለውን በሽተኛ ለመጠየቅ የሚሄድ ሰው ማሰሮ ከመያዙ በፊት ሐኪሞቹን ይጠይቅ።

እንግዲህ የማሰሮ አበባ ሐኪም ነውን ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። የአየር ሐኪም አይደለም፤ ያ ሥራ የመስኮትና ከሰልን ውጭ የመተው ነው። ለደከመ ዓይንና ለተጨነቀ ሐሳብ ግን መልካም አስታማሚ ነው፤ ይኸውም ባለቤቱ እርሱን ሲያስታምም ነው። ወጣቶች ሆይ፣ መስኮቱን ክፈቱ፤ ማንደጃውን አውጡ፤ ከዚያም ተክላችሁን በገዛ እጃችሁ አጠጡ።